ለእቶን የምንለቅም ሰዎች

መስከረም 14 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለቁጥቡ፤

ከሰው አገር ብርድና ከክፉ ሰው ፊት ይሰውርህ እያልኩ፣ ጤናህን፣ ሥራህን፣ እንቅልፍህን ሳይቀር እጠይቃለሁ። እኔና ልጄ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ይመስገነው።

ስልኩን ትቼ ወረቀት መያዜ እንዳይገርምህ። ስልክ ላይ እኔ አንድ ሰዓት አውርቼ አንተ «እሺ እትዬ»፣ «ደህና እትዬ» ብለህ ትዘጋለህ። በልጅነትህም ቁጥቡ ያልንህ ለዚሁ ነው፤ ሌላው ልጅ ዳቦ ሲቆጥብ አንተ ቃል ትቆጥብ ነበር። ወረቀት ግን ባዶውን መላክ ያሳፍራል፣ ስለዚህ መቼም ሁለት መስመር አይጠፋህም ብዬ ነው።

ወሬዬ ይኸውልህ። በዚህ ዕድሜዬ ፋብሪካ ገባሁ። ያ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ልጆች ሆነን ጭሱን እያየን ዝናብ መጣ እያልን ልብስ የምናስገባለት። እስከ አምና የሚያነደው የድንጋይ ከሰል ነበር። አሁን ከሰሉ ተወደደና ግማሹን በቆሻሻ ተኩት። ጎማ በለው፣ ፌስታል በለው፣ አሮጌ ጫማ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ የአናጢ ቤት ሰጋቱራ፣ ምኑ ቅጡ። የፈረቃ አለቃችንን «ቆሻሻ ደግሞ እንዴት አድርጎ ድንጋይ ያቀልጣል?» ብለው «እትዬ፣ አንቺ የጣልሽው ጫማ ከከሰል ይብስ ይነዳል» አለኝ። «እኔ ጫማ ጥዬ አላውቅም፤ እሱ ነው መንገድ ላይ ጥሎኝ የሚሄደው» አልኩት። የምንሠራበት ሼድ በሙሉ ሳቀ።

ሥራችን መልቀም ነው። ሰፊ የጎማ ቀበቶ ቆሻሻውን ተሸክሞ በፊታችን ያልፋል። ስምንት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመን የማይነደውን እናወጣለን፤ ጠርሙስ፣ ብረት፣ ድንጋይ፣ ባትሪ። የቀረው ወደ መፍጫው፣ ከመፍጫው ወደ እቶኑ። ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። አንገቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆኗል፣ መዳፌም ተልጧል። መቼስ ሰው የማይለምደው የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ልጄ ሽቦ ሃያ ሦስት ዓመት ሞላት። ከቴክኒክ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ሙያ ወጥታለች። ሽቦ ያልናት በሕፃንነቷ ለቅጥነቷ ነበር፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ ሽቦ ጎታች ሆና አረፈችው። አባቷ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን፣ ታውቃለህ። ቢሆንም አንተ ዘንድ ብትመጣ ደስ ይለኛል። የጥሪ ወረቀት ያስፈልጋታል አሉ፤ መሥሪያ ቤትህንና የምትኖርበትን ቤት የሚገልጽ። አንተ የኃይል ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ስላለህ ይህ አይከብድህም። እንግዲህ አደራህን።

የአክስትህ ልጅ፣ እህትህ


ኅዳር 6 ቀን

ለተከበርሽ እህቴ፤

ለአንቺም ለልጅሽም ጤና እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶ መልሱ ዘገየ፤ ይቅርታ።

የጥሪ ወረቀቱን በተመለከተ፣ የቤት ጉዳይ ገና አልተስተካከለም። ሲስተካከል አሳውቅሻለሁ። አሁን ያለሁት በኩባንያው የነዳጅ ጥራት ክፍል ነው። ቢሮው ሩቅ ስለሆነ ጊዜ የለኝም።

ስለ አንገትሽ ግን፤ በአንድ ጎን ብቻ አትቁሚ። ጠዋት በግራ ከቆምሽ ከምሳ በኋላ በቀኝ ቁሚ። አለቃው ካልፈቀደ ከፊት ለፊትሽ ካለችው ጋር ቀስ ብላችሁ ተለዋወጡ። ከጎማው ጓንት ሥር ቀጭን የጥጥ ጓንት አድርጊ። ቅባት ከሥራ በፊት እንጂ ከሥራ በኋላ አትቀቢ። ዓይንሽ ዕቃው ወደሚመጣበት ይሁን፤ ፊትሽ የደረሰው አምልጦሻል። የሚረጭ ነገር ቆርቆሮ ስታገኚ አትነቅንቂው፣ ሊፈነዳ ይችላል፤ ሙሉ መሆኑን በክብደቱ ለዪው። መርፌ ካየሽ እጅሽን አንሺና ይለፍ፣ ማንም ቢቆጣ።

ከሥራ ገብተሽ ጋደም ስትዪ አልጋው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስልሻል። አትደንግጪ። ጥቂት ሳምንት ነው፣ ከዚያ ይተዋል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለወንድሜ ለቁጥቡ፤

እንደ ጠዋት ፀሐይ ሳይበዛ ሳያንስ የሚያሞቅ ጤና ይስጥህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛውን ሽቦ ቀማችኝ።

ምክርህ ሠርቷል። አሁን ሼዱ ውስጥ ሁላችንም ከምሳ በኋላ ጎን እንቀይራለን። አለቃው «ይህን ማነው ያስተማራችሁ?» ሲል «ወንድሜ ነው፣ በውጭ አገር የነዳጅ ጥራት ክፍል ኃላፊ» አልኩት። ኃላፊ ያደረግኩህ እኔ ነኝ፤ አፍ ሲሾም ደመወዝ አይጠየቅም ብዬ። አልጋውም ቆመልኝ።

ባለፈው ሰሞን ጉድ ሆነን ነበር። ከፈረሰ ሕንፃ የወጣ ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ በገፍ መጣ። እኛ ፕላስቲክ ሁሉ ፕላስቲክ ነው ብለን አሳለፍነው። ለካስ ያ ቧንቧ ውስጥ ክሎሪን የሚሉት አለ፤ ሲቃጠል እቶኑ ጉሮሮ ላይ እየተጋገረ አነቀው። ሦስት ቀን እቶኑ ቆመ። ወንዶቹ እንደ ፍራሽ የወፈረ ልብስ ለብሰው ያንን ግግር በብረት ሲቀጠቅጡ ሰነበቱ። አለቃው አልተናገረንም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የገዛ ጫማውን ሲያይ ዋለ። ቢሰድበን ይሻል ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አመድ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የነደደው ሁሉ አመዱ እዚያው ከድንጋዩ ጋር ተጋግሮ ሲሚንቶ ይሆናል። ጎማ ውስጥ ያለው ብረት እንኳ አይጣልም፣ ለሲሚንቶው ይጠቅመዋል አሉ። ለልጄ ብነግራት «ታዲያ ከተማው በሙሉ በአሮጌ ጫማ ነዋ የተሠራው» አለችኝ።

ብዙ ስለቅም ደግሞ ቆሻሻ ማንበብ ለመድኩ። ልጅ የበዛበት ቤት ቆሻሻ ተዝረክርኮ ነው የሚመጣው። ሙሽሮች ካርቶን ያበዛሉ። የብቻ ሰው ደግሞ ያስታውቃል። ፌስታሉ ትንሽ ነው፣ ሁለቴ ታስሯል፣ ውስጡ አንድ ጣሳ ነው፣ እሱም ታጥቧል። የሚጥለውን ጣሳ የሚያጥብ ሰው የሚያዋራው ሰው የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሲመጣ እጄ ይዘገያል፤ የጎን ጓደኛዬ «ምን አገኘሽ፣ ወርቅ ነው?» ትለኛለች።

አንተስ ሰው አለህ? እንዲያው «ዛሬ አመሸህ» የሚልህ።

የጥሪውን ነገር አልተውኩም። መሥሪያ ቤቱ ቢቀር የቤትህ አድራሻ ብቻ ይበቃል ብለውናል። አድራሻ መቼም የሌለው ሰው የለም።

እህትህ


የካቲት 21 ቀን

ለተከበርሽ እህቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወደዚያ በሚመለስ ሰው እጅ አራት ጥንድ ጓንት ልኬያለሁ። መዳፉ ወፍራም ነው፣ ጠርሙስ አይበሳውም። ኩባንያው በብዛት ይሰጠናል፤ ለቢሮ ሠራተኞችም ጭምር።

ነጩን ቧንቧ ለመለየት ቁራጩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጣሉት። የሰመጠው ለእቶን አይሆንም። የተንሳፈፈውን አሳልፉት።

የቤቱ ጉዳይ እንዳለ ነው። በሚመጣው ዓመት ቢሆን ይሻላል። ለልጅቷ እዚያው ሥራ ቢገኝ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። የዚህ አገር ኑሮ ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ስሜንም ለጊዜው ቅጽ ላይ ባትሞሉት።

ሰው አለህ ወይ ላልሽው፤ አብረውኝ የሚሠሩ አሉ።

ወንድምሽ


መጋቢት 18 ቀን

ለወንድሜ ለቁጥቡ፤

መንገድህን ጥርጊያ፣ ጎረቤትህን ደግ ያድርግልህ። ጓንቱ ደርሶኛል። አንዱን ለራሴ፣ ሦስቱን ለጎን ጓደኞቼ ሰጠሁ፤ አሁን ስምህ በሼዱ ከአለቃው ስም ይልቅ ይከበራል። ባልዲውም በር ላይ ተቀምጧል። የመጣው መሐንዲስ ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል «ላቦራቶሪያችን ነው» እንለዋለን።

አሁን ደህና አድርገህ ተቀመጥና ስማኝ። ሽቦ በራሷ መንገድ ሥራ አገኘች። ሕንፃ ውስጥ መብራት የሚዘረጋ ድርጅት ፈተና አውጥቶ ነበር፤ ተፈተነች፣ አለፈች። የሥራው ቦታ አንተ ያለህበት ከተማ ነው። ጉዞውም መኖሪያውም በእነሱ ነው፣ ለሁለት ዓመት። ግንቦት 12 ትነሳለች። እንግዲህ የጥሪ ወረቀቱ ይቅር፣ ከእንግዲህ አታስብበት።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። አውቶቡስ ጣቢያ ሄደህ ተቀበላት። የመጀመሪያውን ቀን አንተ ቤት ትዋል። አገር አቋርጣ ስትወርድ የምታውቀው ፊት ይጠብቃት። በዚያውም ቢሮህን ታሳያታለህ።

እህትህ


መጋቢት 29 ቀን

እትዬ፤

ሰላምታውን ዛሬ ተይልኝ። ልጅቷን ወደ እኔ አትላኪያት። ድርጅቱ ቤት ሰጥቷታል፣ ከተማው ሰፊ ነው፣ ያለ እኔ ትኖራለች።

ቢሮ የለም። ኖሮም አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቆምኩት ቀበቶ ላይ ነው። የከተማው ቆሻሻ ይመጣል፣ እንለቅማለን፣ የቀረው ተጨፍልቆ እንደ ድርቆሽ ይታሰርና በከባድ መኪና ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይሄዳል። የነዳጅ ጥራት ክፍል ያልኩሽ እሱ ነው። በሩ ላይ እንደዚያ ብለው ጽፈውታል። ከራሴ የጨመርኩት ቢሮ የምትለውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የዋሸሁት እናቴን ነው። አክስትሽን ታውቂያታለሽ፤ ያን ዕለት በየቤቱ ዞራ አወራችው። ከዚያ ሞተች። እውነቱን ሄጄ የምመልስላት ሰው አጣሁ፣ ውሸቱ እንደተዘራ ቀረ።

የምኖረው በአንድ ክፍል ከአምስት ሰዎች ጋር ነው። ፈረቃችን ስለሚለያይ አንዱ ሲነሣ ሌላው በሞቀው አልጋ ይተኛል። ስድስት ሆነን ማንም ከማንም ጋር አይበላም። ስልክ ላይ «እሺ እትዬ» ብቻ የምልሽ ቃል ቆጥቤ አይደለም፤ ሁልጊዜ የተኛ ሰው አለ። ሽታውም አለ። ብታጠብም አይለቅም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ቆሞ እየተጨናነቀ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን ይሄዳል።

አንቺ ስለ ሼዱ ስትጽፊልኝ፣ ጫማው ጥሎኝ ይሄዳል ያልሽውን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። በዚህ ሥራ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ከፊት ለፊትሽ ቆሜ የምለቅም መስሎኝ ነበር። ያኔ ልነግርሽ ብዕር አንሥቼ አቃተኝ።

ልጅቷ እንዲህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈልግም። ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል በያት።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 16 ቀን

ለወንድሜ፤

ልብህን ያሳርፍልህ። ዛሬ ሌላ ምርቃት የለኝም።

አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ጀምሮ አውቅ ነበር። አልጋው ወደ ኋላ ይሄዳል ያልከኝ ዕለት። ያንን እኔ ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም፤ ጭንቅላቴ ተነካ ብዬ ፈርቼ ዝም ብዬ ነበር። ቢሮ ተቀምጦ የዋለ ሰው አልጋ አይሄድበትም፤ የሚሄደው ቀኑን ሙሉ የሚያልፍ ቀበቶ ሲያይ ለዋለ ነው። ወረቀቱን ይዤ «ይህ ልጅ ቆሞ ነው የሚውለው» አልኩ፣ ለማንም ሳልናገር።

ታዲያ ካወቅሽ ለምን በጥሪ ወረቀት ነዘነዝሽኝ ትለኝ ይሆናል። ሥራማ እዚህም ነበረ። ፋብሪካው ራሱ የእቶኑን ሞተር የምትጠብቅ ኤሌክትሪከኛ ፈልጎ ጠይቋት ነበር። እኔ ልጄን የምሰድዳት ለሥራ አይደለም፣ ለአንተ ነው። ደብዳቤህን አገላብጬ አየሁት፤ ስለ ጓንት ስድስት መስመር፣ ስለ ራስህ ግማሽ መስመር። የዘመድ ያለህ የሚል ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው። እኔ መምጣት አልችልም፣ በዚህ ጉልበት የት እደርሳለሁ። ያለችኝ እሷ ናት። ገፍተሻታል ወይ ካልከኝ፣ ጥቂት ገፍቻታለሁ። መሄዱን ግን እሷም ፈልጋው ነው።

ቢሮህን ታሳያታለህ ያልኩህም አውቄ ነው። አንተን ካልቆነጠጡህ አትናገርም። ከተቀየምከኝ ተቀየመኝ፣ ብቻ ተቀይመህም ቢሆን ጻፍልኝ።

ደብዳቤህን ሳላስፈቅድህ አስነበብኳት። ስታነብ ቆይታ «እማ፣ እኔ እኮ ተጨንቄ ነበር። ክራባት ካሰረ አጎት ጋር ምን አወራለሁ ብዬ» አለች። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

ስለ እሷ ማወቅ ያለብህን ልንገርህ። ጠዋት ፊቷን እስክትታጠብ ድረስ የማንም ዘመድ አይደለችም፣ አታናግራት። ስትናደድ እጇ ሥራ ይፈልጋል፤ የተበላሸ ነገር ካለህ ያኔ ስጣት። ካለቀሰች ሽንኩርት ነው ትላለች፤ ሽንኩርት ባይኖርም እሺ በላት።

ግንቦት 14 ከቀትር በኋላ ትደርሳለች። ከሥራህ በቀጥታ ሂድ፣ ልብስ እቀይራለሁ ብለህ እንዳትዘገይ። እኔም ከሼዱ ወጥቼ በሥራ ልብሴ ነው የምሸኛት።

እህትህ


ሰኔ 11 ቀን

ውድ እትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መጣች።

ያልሽኝን አላደረግኩም። ሁለት ጊዜ ታጥቤ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ጣቢያው ስደርስ ግን ቅርብ መቆም አቃተኝና ከምሰሶ ጀርባ ሆንኩ። ሻንጣዋን እየጎተተች ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። «እንዴት አወቅሽኝ?» ብላት «ከሰው ሁሉ ርቆ የቆመ አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። አቀፈችኝ። ቶሎ ትለቀኛለች ብዬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ፣ አልለቀቀችኝም። ከዚያ አንገቴ ሥር ሆና «እማን እማን ትሸታለህ» አለች።

እትዬ፣ ይህን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ጽፌዋለሁ።

እሁድ እሁድ ትመጣለች። ክፍላችን ጠረጴዛ የለውም፤ ግቢ ውስጥ የተጣለ በር አግኝታ በሁለት በርሜል ላይ ዘረጋችው። ዓመት ሙሉ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት በአሥር ደቂቃ ሠራችው። አብረውኝ የሚኖሩትን አምስቱን በየተራ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። የሁለቱን እኔም አላውቅም ነበር። አንደኛው «ይህች ልጅህ ናት?» አለኝ። «የእህቴ ልጅ ናት» አልኩት። አሁን እሁድ የተኛ ሰው የለም፤ ፈረቃ የሌለው ሁሉ ያን በር ከቦ ይበላል።

ትናንት እሷ ስታወራ፣ እነሱ ሲስቁ እያየሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ አንቺ ስትጠይቂኝ እኔ አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። እትዬ፣ አሁን እራትሽን ከማን ጋር ትበያለሽ?

ወንድምሽ


ሐምሌ 2 ቀን

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሼዱ ይዤው ሄጄ ለሴቶቹ አነበብኩላቸው። ስለ ሽታው ያለችህ ጋ ስደርስ ማንም አልሳቀም፤ አንዷ ብቻ እጅጌዋን አንሥታ አሸተተች።

ለጥያቄህ፤ ምሳ ከእነሱ ጋር ነው፣ ጫጫታው ደስ ይላል። እራት ቆሜ ነው የምበላው፣ ማጠቢያው አጠገብ። ብቀመጥ የልጄ ወንበር ፊት ለፊቴ ነው።

ልጅቷ ከጠየቀችህ ግን፣ ተቀምጣ ነው የምትበላው በላት።

እህትህ